ወሪያ፣ ቫይኪንግ!

የአክስቴ ልጅ ከኦስሎ መጣ። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ጢም ሳያበቅል ኖርዌይ የገባ ልጅ ነው፤ ዛሬ ጢሙ ደረቱ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። በመጣ በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ፣ ድሬ ዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ከደጃችን ዛፍ ሥር ወንበር አወጣንለት። ሙሸበክ በሻይ ቀረበ። አንድ ጊዜ ፉት እንዳለ ጀመረኝ።

«እናንተ ድሬዎች ባቡር እስኪመጣላችሁ ተቀምጣችሁ ጠበቃችሁ። ቫይኪንጎች ግን በጀልባ ዓለምን አዳረሱ።»

«ወሪያ፣ ቫይኪንግ!» አልኩት። «ማን ማንን እንደጠበቀ ልንገርህ? ባቡሩ ሐረር ልውጣ ብሎ ተነሥቶ፣ ተራራውን ሲያይ ጉልበቱ ከዳው። መጥቶ እግራችን ሥር የወደቀው እሱ ነው።»

ከታሪኩ ፈቅ አላልኩም። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ፈቃድ ሲሰጡ ከጂቡቲ ቀጥሎ የታሰበው መዳረሻ ሐረር ነበር። ዳገቱ ገንዘብ የሚበላ ሆነና ሐዲዱ ቆላ ቆላውን ይዞ፣ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ በ1895 ዓ.ም. ደቻቱ ወንዝ ዳር ደረሰ። ጣቢያውን «አዲስ ሐረር» ለማለት ተሞክሮ ነበር፤ ስሙ ከወረቀት አልወረደም። «ድሬ» በኦሮምኛ ሜዳ ነው። ሜዳው የራሱን ስም ይዞ ቀረ። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሥራው ቆመ፣ የሐዲዱ ጫፍም ለዓመታት ድሬ ሆነች። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ከባሕር የመጣው ዕቃ ከዚህ በግመልና በበቅሎ ነበር ወደ መሀል አገር የሚነሣው።

«ስለዚህ ቁጭ ብላ የጠበቀችው ያንተዋ አዲስ አበባ ናት» አልኩት። «እቃሽ መጣልሽ የምንላት እኛ ነበርን።»

በቀላሉ የሚረታ ልጅ አይደለም። ስልኩን አውጥቶ አንገቷን እንደ ዘንዶ የቀሰረች ጀልባ አሳየኝ። «እነዚህ ሰዎች በ866 ዮርክን ያዙ። በ911 የፈረንሳይ ንጉሥ ኖርማንዲን ቆርሶ ሰጣቸው። አይስላንድ ሰፈሩ፣ ግሪንላንድ ገቡ፣ ከኮሎምበስ 500 ዓመት ገደማ ቀድመው አሜሪካን ረገጡ።»

ይህን አልክድበትም፤ ደስ የሚል ታሪክ ነው። በኒውፋውንድላንድ ደሴት ጫፍ፣ ላንስ ኦ ሜዶ በሚባል ስፍራ፣ ኖርዌያዊው ሄልጌ ኢንግስታድና ባለቤቱ አርኪዮሎጂስቷ አኔ ስቲኔ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈልገው የቤቶቻቸውን መሠረት አገኙ። እዚያው የተገኘ፣ በብረት መሣሪያ የተቆረጠ እንጨት የተቆረጠበት ዓመት 1021 እንደሆነ ሳይንስ አረጋግጧል። ሰዎቹ ደፋሮች ነበሩ። የተጣላሁት ከድፍረታቸው ጋር አይደለም። የአክስቴ ልጅ አገር ማዳረስን ሲቆጥር በሰይፍ የተደረሰውን ብቻ መቁጠሩ ነው ያናደደኝ።

«ቫይኪንግ የሥራ ስም ነው» አልኩት። «በባሕር ሄዶ የሚዘርፍ ማለት ነው። የኖርስ ሰው ሁሉ ቫይኪንግ ከሆነ ሐበሻም ሁሉ ሽፍታ ነው በለኛ! አብዛኛው ገበሬ ነበር፤ ከብት ያረባል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ሱፍ ይፈትላል። የሱን ታሪክ ለምን ዘራፊው ይውሰድበት?»

«ዘረፉም አልዘረፉም፣ ገዙ» አለኝ።

«ገዙ። ኖርማንዲን በ911 ወሰዱ። በ1066 ዘሮቻቸው እንግሊዝን ሊወጉ ባሕሩን ሲሻገሩ በምን ቋንቋ ነበር ትእዛዝ የሚሰጣጡት?»

ዝም አለ። ያውቀዋላ።

«በፈረንሳይኛ! መሬቱን በሰይፍ ወሰዱ፣ መሬቱ ደግሞ ምላሳቸውን ወሰደ። በምሥራቅ በኩል ወደ ስላቮች የሄዱትም እንደዚያው። ሄልጋ የተባለችው ኦልጋ ሆና ቀረች።»

እዚህ ላይ ሻዩን አስቀምጦ ወደኔ ዞረ። የሚጎዳኝን ቦታ እንዳገኘ ፊቱ ላይ ታየኝ። «እናንተስ? አማርኛችሁ ኦሮምኛ ገብቶበት፣ ሶማልኛ ገብቶበት፣ ዐረብኛ ገብቶበት፣ ፈረንሳይኛ ገብቶበት! 'ወሪያ' ብለህ ትጠራኛለህ፣ 'አቦ' ብለህ ታባርረኛለህ። ንጹሕ አማርኛ የት አለ?»

ይህን ከዘመድም፣ ለሥራ ከሚመጣ ሰውም፣ ከቴሌቪዥንም ስሰማ ኖሬአለሁ። አፋችን እንዳልታጠበ ዕቃ ይቆጠራል። ልጅ ሆኜ ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ስሄድ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ክፍሉ ይስቅ ስለነበር አንድ ዓመት ሙሉ ጥያቄ ሳልጠይቅ ያለፍኩ ነኝ። ስለዚህ ነገሩን እንደ ዋዛ አልመለስኩለትም።

«እንግሊዝኛ ንጹሕ ነው?» አልኩት።

«እሱማ የዓለም ቋንቋ ነው።»

«የዓለሙ ቋንቋ 'እነሱ' ለማለት 'ዴይ' የሚለውን ቃል ያገኘው ካንተ ቫይኪንጎች ነው። ገበያ ሄደህ አንድ ነገር ልትገዛ፣ ልብስ ልትበደር ትችላለህ። 'እነሱ' የሚለውን ቃል የምትበደረው ግን አብረኸው ከምትበላው ሰው ብቻ ነው። እንቁላሉን፣ ቢላውን፣ ሰማዩን፣ 'ባል' የሚለውን እንኳ ከኖርስ ወሰዱ። ሕግ የሚለውን 'ሎው' ጭምር! በዘራፊነት የሚከሷቸው ሰዎች ናቸው ሕግ የሚለውን ቃል ያዋሷቸው።»

ከነዚህ ሁሉ የምወደው «ዊንዶው» የሚለውን ነው። በኖርስ «ቪንዳውጋ» ይባል ነበር፤ የነፋስ ዓይን ማለት ነው። በግንቦት ሌሊት ድሬ ላይ ተኝቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ቃል ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። መስኮት ከፍተን የምንጠብቀው ያንን ዓይን ነው፤ እስኪገልጠው ድረስ እንቅልፍ የለም።

«እንግሊዝ ውስጥ ደርቢ፣ ግሪምስቢ፣ ዊትቢ የሚባሉ ከተሞች አሉ» ብዬ ቀጠልኩ። «መጨረሻቸው ላይ ያለችው 'ቢ' የኖርስ ቃል ናት፤ መንደር ማለት ናት። አሁን ተነሥና ሰፈራችንን ቁጠር። ገንደ ቆሬ። ገንደ ተስፋ። 'ገንደ' ምንድን ነው?»

«መንደር።»

«አየህ? ሌላም ልጨምርልህ። የእንግሊዝ የቦታ ስም አጥኚዎች ግሪምስተን የሚሏቸው ዓይነት ስሞች አሏቸው፤ ግማሹ የኖርስ ሰው ስም፣ ግማሹ የእንግሊዝ ቃል። በዚያ መንደር ሁለቱ ሕዝቦች አብረው ለመኖራቸው ምልክት ነው ብለው መጽሐፍ ይጽፉበታል። የኛ 'ገንደ ተስፋ' ግማሹ ኦሮምኛ፣ ግማሹ አማርኛ ነው። እነሱ ሲያደርጉት ጥናት፣ እኛ ስናደርገው ቆሻሻ የሚሆነው በየትኛው ሚዛን ነው?»

«አቦ፣ ይመችህ!» አለ፤ ሳያስበው ነው ያመለጠው። አፉን ይዞ ሳቀ። በሦስት ቀን ድሬ ገብታበታለች።

ያም ሆኖ አልተወኝም። ከተማዋን የሠራት ፈረንጅ ነው አለኝ። ከዚራን እያሳየ፣ ቀጥ ያለውን መንገድ፣ ጥላውን፣ የባቡሩን ሕንጻ በእጁ እየጠቆመ።

ልክ ነው፤ ከዚራን በማስመሪያ አሰመሩት። የኩባንያው ሰው የሚኖርበት ነበርና ቀጥ ብሎ ተሠራ። ከደቻቱ ማዶ ያለውን መጋላን ግን ማን አሰመረው? መጋላ በራሱ እግር ነው የሄደው፤ ነጋዴው ሱቁን ከከፈተበት፣ ግመሉ ከተንበረከከበት እየተጠማዘዘ። ሐዲዱን በዚያ በረሃ የተሸከመው የሶማሌው፣ የዐረቡ፣ የኦሮሞው ትከሻ ነው። በንድፉ ላይ የፈረመው ስም ተጽፏል፤ ብረቱን ያነሣው ስም አልተጻፈም። «ሠራት» የሚለው ቃል ለፈራሚው ብቻ ሲሰጥ ደሜ ይፈላል።

መጥተው የሰፈሩትን ግን አልጠላቸውም። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ጣሊያኑ፣ ፈረንሳዩ፣ ሕንዱ፣ የመኑ እዚህ ኖሩ፣ ነገዱ፣ ወለዱ፣ ተቀበሩ። በ1967 ዓ.ም. ንብረት ሲወረስ አብዛኞቹ ሄዱ። የሄዱት በሻንጣ የሚገባውን ይዘው ነው፤ ቃላቸው ሻንጣ ውስጥ አልገባም። ባቡሩ ላይ ዕቃ የሚጫንበትን «ፉርጎ» የምንለው በነሱ ቃል ነው። «ቢሮ» ስንል ፈረንሳይኛ ነው፣ «ፋብሪካ» ስንል ጣልያንኛ፣ «ሱቅ» ስንል ዐረብኛ። የአክስቴ ልጅ አፉን ያጣፈጠበት ሙሸበክ እንኳ በባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው።

«ለገሀር ስትል ምን እያልክ እንደሆነ ታውቃለህ?» አልኩት። «የፈረንሳዮቹ 'ላ ጋር' ነው፤ ባቡር ጣቢያ። እኛ ደግሞ እዚሁ ድሬ ለገሀሬ የሚባል ሰፈር አለን፤ በኦሮምኛ 'ለገ' ወንዝ ነው። በአንድ ፊደል የሚለያዩ ሁለት ስሞች፣ አንዱ ከፓሪስ የመጣ፣ አንዱ ከዚሁ ውኃ የፈለቀ። ይህን ለይቶ ሳይጠፋበት የሚሄድ የድሬ ሕፃን ነው። አንተ ብትሆን ትኬት ልትቆርጥ ወንዝ ትወርድ ነበር!»

በዚህ መሀል ጎረቤታችን፣ ከእናቴ ጋር የምትተካከል ሴት፣ ሰላም ብላን አለፈች። «እንዴት አመሸሽ?» አልኳት። የአክስቴ ልጅ ደነገጠ።

«አንቺ አልካት! ቢያንስ አንቱ ማለትን ከእንግሊዝና ከቫይኪንግ አትማርም?»

«ኦስሎ መሥሪያ ቤትህ ውስጥ አለቃህን ምን ብለህ ነው የምትጠራው?»

«ዱ።»

«ዱ ምንድን ነው?»

«…አንተ።»

እዚያው አበቃ። ግን አልተውኩትም፤ ነገሩ የሚጥም ነው። ስዊድን ውስጥ ሰው በማዕረጉ ካልተጠራ ነውር የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። በ1967 እ.ኤ.አ. የሕክምና መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ብሩር ሬክሴድ ሠራተኛውን ሁሉ «ዱ» እንደሚል ባስታወቀ ጊዜ አገር ተነጋገረበት፤ ከዚያ ወዲህ አንቱታው እየከሰመ ሄደ። ድሬ አለቃ አላስፈለጋትም። እዚህ ሽማግሌውን «አንቱ» ብትለው «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ይጠይቅሃል፤ ያራቅኸው ይመስለዋል። ክብሩ በሌላ ነው፤ ሲመጣ ወንበር ትለቃለህ፣ ሻዩ ቀድሞ ለሱ ይቀዳል።

የስም ነገርም አለ። ልጁ ኦስሎ ሲገባ «የቤተሰብ ስም» ብለውት የአያቱን ስም ሰጠ፤ ዛሬ በሥራ ቦታው የሚጠራው፣ ደብዳቤ የሚደርሰው በአያቱ ስም ነው። አያቱ ይህን ሳይሰሙ ሞቱ። አይስላንድ ቢሄድ ግን ይህ ሁሉ አይደርስበትም ነበር። አይስላንዶች እስከ ዛሬ እንደኛ ናቸው፤ የዮን ልጅ ከሆነ ዮንሶን፣ ሴት ከሆነች ዮንስዶቲር፤ ስልክ ቁጥር ሲመዘገብም በራስ ስም ተራ ነው። ከኖርዌይ የወጡት ሰፋሪዎች የአባትን ስም ጠብቀው ሲቆዩ፣ ኖርዌይ ራሷ ለወጠችው። አብሯት የቀረው ልጅ የረሳውን የተሰደደው ያስታወሰበት ጊዜ አለ።

«ደግሞ ቫይኪንግ እኛ ጋ አልደረሰም አትበለኝ» አልኩት።

«እንዴት?»

«በ1927 ዓ.ም. የሆለታን የጦር ትምህርት ቤት ሊመራ ከስዊድን የመጣው መኮንን ስሙ ማን ነው? ቪኪንግ ታም! ያኔ ከባሕር ወደ አዲስ አበባ የሚያስገባው ባቡር የሚያልፈው ደግሞ በዚህ በኛ ደጅ ነው።»

ይህን አላወቀም ነበር። ስልኩን ተወው።

የነዚያ የኖርስ አገሮች ሰዎች ወደኛ የመጡት ሊዘርፉ አልነበረም፤ ይህን ስናገር ድምፄ ተለወጠ። የታም ተማሪዎች የጣሊያን ወረራ ሲመጣ ገና ወጣቶች ነበሩ፤ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር የቆሙት ከነሱ መካከል ናቸው። የኖርዌይና የስዊድን ቀይ መስቀል በዚያ ጦርነት ቁስለኛ አከመ፤ የስዊድኑ ድንኳን መልካ ዲዳ ላይ በጣሊያን ቦምብ ተመታ። ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይላችን ሲቋቋም የባሕርን ሥራ ያስተማሩት የኖርዌይ መኮንኖች ነበሩ። ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚባል የስዊድን መኳንንት ልጅ በ1928 ዓ.ም. የአምቡላንስ አውሮፕላን ያበረረልን ሲሆን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቶ በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ ከሶማሊያ ጋር በነበረው ጦርነት ተገደለ። ከወር በኋላ ያው ጦርነት ድሬ በር ላይ ደረሰ፤ ከተማዋም አልተያዘችም።

የአክስቴ ልጅ ለትንሽ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ ከሁሉም የከበደውን ወረወረው።

«እሺ። ይህን ሁሉ ስለ ኖርሶች የምታውቀው ከየት ነው? ጽፈውት ነው። ያንተ ድሬ የት ተጻፈች?»

ልክ መታ። አይስላንዶች በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን በጥጃ ቆዳ ላይ፣ በራሳቸው ቋንቋ ጻፉ። «ላንድናማቦክ» የሚሉት አላቸው፤ የሰፈራ መጽሐፍ ማለት ነው። ማን ከየት መጣ፣ የትኛውን ወንዝ ዳር ያዘ፣ ማንን ወለደ፤ ከ400 በላይ ሰፋሪዎች ከነዘራቸው ተቆጥረዋል። ግሪንላንድ በ985 ገደማ የሰፈሩት ግን የራሳቸውን መጽሐፍ ሳይተዉ ጠፉ። ከነሱ የቀረን የመጨረሻው ወሬ በ1408 ህቫልሴ በምትባል ቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ አንድ ጋብቻ ነው። እሱም የታወቀው ሙሽሮቹ ወደ አይስላንድ ሄደው እዚያ ስለተጻፈላቸው ነው። በቮልጋ ዳር የነገዱትን ደግሞ በ922 ከባግዳድ የመጣው ኢብን ፈድላን አይቶ ጻፋቸው፤ እሱ ባይጽፍ ያን ቀብራቸውን፣ ያን ጀልባ ማቃጠላቸውን ማን ያውቀው ነበር? ራሱን ያልጻፈ ሰው መንገደኛ እንዳየው ሆኖ ይቀራል። ድሬንም የጻፏት መንገደኞች ናቸው፤ ኤቭሊን ዎ በ1930 እ.ኤ.አ. አልፎባት ጻፈ፣ አንሪ ደ ሞንፍሬድ ኖሮባት ጻፈ።

ብራና ፍቀን ቀለም በጥብጠን ስንት መቶ ዓመት የጻፍን ሕዝብ ነን። ምንም ምክንያት የለንም።

«አልተጻፈችም» አልኩት። «ልትጻፍ ይገባል። ገንደ ቆሬን መጀመሪያ ያቀናው ማን ነው፣ ቀፊራ ላይ መጀመሪያ ጉልት የዘረጋችው ማን ናት፣ የአርመኑን የወርቅ ሥራ ማን ተማረ፣ ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ሲወስድ የሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች በየትኛው ቤት ይኖሩ ነበር። በየቤቱ። በየስሙ። የባቡሩን ፈረንሳይኛ የሚያውቁት ሰዎች በየወሩ እየተቀበሩ ነው፤ አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ያልፋል፣ የሚጠገነውም በሌላ ቋንቋ ነው። አሥር ዓመት ብንቆይ የምንጠይቀው ሰው አናገኝም።»

በዚህ ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ጡረተኛው ጎረቤታችን ዱላውን እያስቀደመ መጣ። ዕድሜውን በባቡሩ ጋራዥ የጨረሰ ሰው ነው፤ ሽርጡን አሸንፍጧል። የአክስቴ ልጅ ብድግ ብሎ «ይቀመጡ አባባ» አለው።

ሽማግሌው ቆም ብሎ አየውና ወደኔ ዞረ። «ምን አጠፋሁ?»

ሳቅን። ልጁም ገባው፤ ወንበሩን እየሰጠ «ቁጭ በል አባባ» አለ፤ ቃሉ ከአፉ በጭንቅ ነበር የወጣው። ሻዩ ለሽማግሌው ተቀዳ። ምን እያወራችሁ ነው አለ። ነገርነው።

«አቴሊዬ ነው እኛ የምንለው፤ ጋራዥ አይደለም» ሲል መጀመሪያ አረመኝ። «ዴፖው በዚያ በኩል። ሼፍ ደ ጋሩ ፊሽካ ሲነፋ ነው የሚነሣው። ፉርጎ የሚፈታው ሌላ፣ የሚገጥመው ሌላ። ሁላችንም ስም ነበረን።»

የአክስቴ ልጅ ከኪሱ ትንሽ ማስታወሻ አወጣ፤ ስልኩን አልነካም። «ማንን ላስቀድም?» አለው።

ሽማግሌው ሻዩን አስቀመጠ። አብሮት የሠራ፣ ሐዲድ ሲያቃና እጁን ያጣ፣ መጋላ ይኖር የነበረ ጓደኛውን ስም ነገረው። ልጁ ጻፈና አሳየው። ሽማግሌው ወረቀቱን አራቅ አድርጎ አነበበ፣ ራሱን ነቀነቀ፤ «የአባቱን ስም ጨምር» አለው፤ ያንንም ፊደል በፊደል አስጻፈው።